የክረምት ማታና የተረት ወግ በጎንደር ደጋ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው ዘመነ ክረምት ለገበሬው የእርሻና የዘር፣ ለካህኑ የጾመ ፍልሰታ ቅዳሴና የማሕሌት ወራት ቢሆንም፣ በጎንደር አራዳ ወይም እስከ ዳባትና ደባርቅ በሚዘረጋው ደጋ ላይ ላደገ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የልጅነቱ ማኅደር ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቀሃና አንገረብ ይሞላሉ፣ ጉሙ መንገዱን ይጋርዳል፣ ልጅም በጊዜ ገብቶ ምድጃ ዳር ይሰበሰባል።

የተረቱ ጉባኤ የሚዘረጋው ያን ጊዜ ነው። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ ይህ ቅብብል በተራኪና በአድማጭ መካከል የሚቆም ኪዳን ስለ ሆነ፣ መልስ ሳያገኝ ወደ ነገሩ የሚገባ ተራኪ የለም። በእንቆቅልሽም መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ደግሞ የተሰጠው አገር ገብቶ ያገኘውን መልካም ነገር ሁሉ ለራሱ፣ የቀረውን ለተሸናፊው እያደላ ያወጋልና፣ ካርታ አይቶ የማያውቅ ሕፃን የየአውራጃውን ስም በጨዋታ ያጠናል። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐናም በአቋቋም ሊቅነታቸው በማሕሌት የሚታወሱትን ያህል፣ በምድጃ ዳር በቀልዳቸው ሲነሡ ይኖራሉ።

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ተረቱ ከቤት ይወጣል። የጅራፉ ድምፅ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ቃል፣ ችቦው የመለኮቱ ብርሃን፣ ሙልሙሉም በብርሃኑ ተታልለው ያልመሸ መስሏቸው በዱር ለዘገዩት እረኞች ወላጆቻቸው ያደረሱት ኅብስት ምሳሌ ነው ተብሎ ለልጁ ይነገረዋል፤ እርሱም ጅራፉን እየገመደ ትምህርቱን በእጁ ጭምር ይቀበለዋል።

በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመታት በላይ ለሕፃናት የተረኩት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ ይህን ወግ ምድጃ ለሌለው የከተማ ቤት አድርሰውታል። ነገር ግን «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ነገሩን መልሶ የሚፈታለት፣ በአጠገቡ የተቀመጠ ዘመድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የልጅነት ክረምትን መተረክ ያለፈውን ከመናፈቅ የሚበልጥ ግብር ነው፤ ወላጅ ገሳ ለብሶ ከብት የጠበቀበትን ኮረብታ፣ የወንዙ ሙላት ያገደውን ቀን፣ ሙልሙል የሰጡትን ጎረቤት በየስማቸው እየጠራ ሲያወጋ፣ ልጁ የሀገሩን መልክዐ ምድር፣ የበዓላቱን ምሥጢርና የዘመዶቹን ፍቅር በአንድነት ይወርሳል። «በእኛ ጊዜ ደስ ይል ነበር» ብሎ ማለፍ ግን ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የለውም። ያየውን በዝርዝር የሚነግርና የልጁን ጥያቄ የሚታገሥ ወላጅ ከአያቶቹ የተቀበለውን አደራ ይፈጽማል፤ ለዚህም ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም።