የካፋ ዝናብና የሹፌሮቹ ብልኀት

እንግሊዞች ሁለት ሆነው በተገናኙ ጊዜ ከሰላምታ ቀጥለው የሚያነሡት የአየሩን ጠባይ ነው ይባላል። ይህም አያስደንቅም። በአገራቸው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኖ የሚወርደው በረዶ በአንድ ሌሊት መንገዱን ሸፍኖ ባቡር ያስቆማል፤ ትምህርት ቤት ያዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 መባቻ የነበረው በረዶ በብዙ ስፍራ ሁለት ወር ያህል ሳይቀልጥ እንደ ቆየ ዛሬም ይታወሳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ «እንኳን ከዚህ አወጣን!» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቦንጋ ብንሄድ ሌላ ዐይነት በረዶ እናገኛለን። ይኸኛው ነጭ ሳይሆን ቀይ ነው፤ ስሙም ጭቃ ይባላል።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ የካፋ ዞን ከተማ ናት። በሌላው የአገራችን ክፍል ክረምት ሲባል ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ ነው፤ በካፋ ግን ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለንደን በዝናብ ስሟ የተጠራ ከተማ ሆና ሳለ በዓመት የምታገኘው ውሃ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቦንጋ አካባቢ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። ለቡናው፣ ለኮረሪማውና ለማሩ በረከት የሆነው ይኸው ዝናብ ለመኪና ነጂ ግን ፈተና ነው።

ከጅማ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚወስደው ዋና መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ሆኖም ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ይወጣል። በዚህ ቁልቁለት አዋቂ ሹፌር ፍሬኑን እንደ ረገጠ አይወርድም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ ኀይል ይይዘዋል። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ግሎ ይደክማልና። በእርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ሲረገጥ ደግሞ ጎማው መዞሩን ትቶ መኪናው ይንሸራተታል።

የእንግሊዞች የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ቍጥር ይሰጠናል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ መንገድ ለመቆም 23 ሜትር ያህል ይፈልጋል። መንገዱ ሲረጥብ ርቀቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል፤ በበረዶ ላይማ እስከ ዐሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ በዝናብና በጉም ውስጥ ከፊቱ ካለው መኪና ኋላ ተለጥፎ የሚነዳ ሰው ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪዎቹንም ሕይወት በዕጣ ላይ መጣሉ ነው።

ዋናው ትግል ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገባ ይጀምራል። ቀዩ አፈር ሸክላነት ስላለው ውሃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጎማው በጭቃ ሲያዝ ነዳጁን መርገጥ ጕድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። የለመደው ሹፌር ግን ተሳፋሪውን አስወርዶ ጭነቱን ያቀላል፤ ረዳቱም ድንጋይና የወደቀ ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ይጎዘጕዛል፤ ካለም በጎማው ላይ ሰንሰለት ያስራል። ከዚያ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይነሣል። የሚገርመው፣ በበረዶ ላይ የቆመ እንግሊዛዊ ነጂም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እንዲነሣ ይመከራል። በረዶውም ጭቃውም ችኵልን አይወዱም ማለት ነው።

ሕዝቡም የራሱ ዘዴ አለው። ጃንጥላ የሌለው የእንሰት ቅጠል ይከናነባል፤ መኪና ያቃተውን ጭነት በቅሎ ታደርሰዋለች፤ የተያዘ መኪና ያገኘ መንገደኛም ሳይጠሩት ትከሻውን ይሰጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ዳሩ ግን ሁሉ በትከሻ አይወጣም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተይዛ፣ ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመዋት ወደ ሐኪም ትሄዳለች። ለነጋዴ የአንድ ቀን መዘግየት ኪሳራ ነው፤ ለእርሷ ግን የአንድ ሰዓት መዘግየት ሞት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከእንግሊዞች የምንማረው ምንድን ነው? ጨው መበተኑን አይደለም፤ ጨው በረዶን እንጂ ጭቃን አያቀልጥም። የምንማረው ጊዜውን ነው። የመንገድ ሠራተኞቻቸው የአየር ትንበያውን አይተው፣ ውርጩ ከመያዙ በፊት ጨዉን በመንገዱ ላይ ይበትናሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። የእኛ ጨው የመንገድ ዳር ቦይ ነው። ቦዩና የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ በቅጠልና በደለል ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ይህም የሚጠረገው በታኅሣሥና በጥር፣ ፀሐይ ሳለ እንጂ፣ በሐምሌ ዶፍ ውስጥ አይደለም።

ሁለተኛው ጠባቂ ደኑ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን የጫካ ቡና ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ኀይል ይሰብራል። ከመንገድ በላይ ያለው ተዳፋት ሲራቆት አፈሩ ወደ መንገዱ መውረዱ አይቀርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎች እንደ ፈጀ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ እንደ ነበሩ አንረሳም። ስለዚህ ተዳፋቱ ሲሰነጠቅ ወይም አፈር መንሸራተት ሲጀምር ያየ ነጂ መኪናውን መልሶ ለሌሎችም ይንገር፤ «እንደምንም አልፋለሁ» አይበል።

ዝናቡን የሚያስቀር ማንም የለም፤ ካፋም ያለ ዝናብ ካፋ አትሆንም። ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ባለ መሬቱ በተዳፋቱ ላይ ያለውን ዛፍ ይጠብቅ፤ የመንገድ ኀላፊውም ቦዩን በበጋ ያስጠርግ። ያን ጊዜ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሳይሆን በመኪና ቦንጋ ትደርሳለች።