ሐዲድ ካልተጠበቀ ባቡር አይሄድም

በዚህ እትም ስለ ምድር ባቡር ሐዲድ አጠባበቅ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «እንፍራንዝ ባቡር የለም፣ ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በኛ አካባቢ ባቡር ሲባል አንዳንድ ሽማግሌዎች የሚያስቡት የእህል ወፍጮውን ነው። ግን ከባቡሩ ታሪክ ለኛም የሚሆን ትምህርት ስላለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መስመሩ እንዴት ተሠራ?

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ ትልቅ ከተማ የሆነችውም በባቡሩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው! ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየሄደ ሐዲዱን ልይ ቢል 20 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ሐዲድ ምን ምን አለው?

ሐዲድ ሁለት ረጃጅም ብረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ከታች ኮረት ይነጠፋል። በኮረቱ ላይ እንጨት፣ ብረት ወይም ኮንክሪት በአግድም ይደረደራል። በኛ የድሮው መስመር ላይ በብዛት የተደረደረው ብረት ነው፤ እንጨትን ምስጥ ይበላዋላ! ሁለቱ ሐዲዶች በዚህ ላይ ይታሰራሉ። በመካከላቸው ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው።

የባቡር ጎማ ራሱ ብረት ሆኖ በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ይሄ ጠርዝ ነው። ማሰሪያው ላልቶ ሐዲዶቹ ከተራራቁ ግን ጎማው ወደ መሀል ይወድቃል። ስለዚህ ሠራተኞች ስፋቱን በየጊዜው እየለኩ የላላውን ያጠብቃሉ።

ሐዲድ ለምን ይበላሻል?

አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ኮረቱ ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ባቡሩ ያዘነብላል። ሠራተኞች ሐዲዱን በክሪክ ከፍ አድርገው ኮረቱን ከሥሩ እየጠቀጠቁ ያስተካክሉታል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም በሳይንስ ተምረናል። ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 12 ሜትር ሐዲድ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ1 ኪሎ ሜትር ስናሰላው ግን 36 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እንደ አዋሽና ድሬዳዋ ባለ ቆላ አገር መላወሻ ቦታ ካላገኘ ሐዲዱ እንደ እባብ ይጣመማል። ለዚህ ነው በድሮው ሐዲድ መጋጠሚያዎች ላይ ትንሽ ክፍተት የሚተወው። «ኳ ኳ» የሚለው የባቡር ድምፅም የሚመጣው ጎማው ክፍተቱን ሲሻገር ነው።

ሦስተኛው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ኮረቱን ጠርጎ ሲወስደው ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ባቡር ሲወጣበት ግን ይሰበራል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ሐዲዱን እየዞረ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሐዲዱ ደህና ቢሆንም ነጂው መጠንቀቅ አለበት። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ መታጠፊያ ያለው ድልድይ ላይ በፍጥነት ገብቶ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አሮጌ ባቡር ምን ይሠራል?

ሐዲድ ሲጠገን ኮረቱንና ብረቱን የሚያመላልሰው ባቡር ነው፤ መኪና የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነዋ። ለዚህ ሥራ ፍጥነት ስለማያስፈልግ አሮጌ ባቡርም ይበቃል። በጃፓን ጆሺን የሚባል ትንሽ የግል የባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1924 ጀርመን አገር በተሠሩ ሎኮሞቲቮች ኮረት የጫኑ ፉርጎዎችን ያስጎትት ነበር። ኮናን የሚባለው ደግሞ በ1923 የተሠራ ሎኮሞቲቭ ይዞ በክረምት ከሐዲዱ ላይ በረዶ ይጠርግበት ነበር።

የኛ አገርም ከዚህ አያንስም። ድሬዳዋ ባለው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የመጡት ሊቶሪናዎችና ሌሎች አሮጌ ባቡሮች ሲጠገኑ ኖረዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ ሠራተኞቹ ራሳቸው በቶርኖ እየቀረጹ ይሠሩ ነበር።

ታዲያ ለምን ቆመ?

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር በአሰብ ወደብ መጠቀም ቀረ። ዕቃችን በጅቡቲ በኩል መግባት ሲጀምር ባቡሩ ከምንጊዜውም በላይ አስፈለገ። ግን ሐዲዱ አርጅቶ፣ ጥገናው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከሐዲድ ይወጣል። ስለዚህ አብዛኛው ዕቃ በከባድ መኪና ተጫነ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። ከዚያም በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አዲስ ነው ተብሎ ግን ክብደት፣ ሙቀትና ጎርፍ አይተዉትም።

ምን እንማራለን?

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሐዲድ በአንድ ቀን አያረጅም፤ አንድ ቡሎን ሲላላ «ነገ ይጠብቃል» እየተባለ ነው የሚያረጀው። የኛም ዴስክ፣ የውኃ ቧንቧችንም እንደዚያው ነው። ሁላችንም የሐዲድ ሠራተኛ መሆን አንችልም፤ የላላውን አይቶ ለሚመለከተው መናገር ግን ሁላችንም እንችላለን።

ለእናንተ ጥያቄ፦ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 784 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ በጠቅላላው ስንት ሜትር ይረዝማል? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል