አብላጫው ወንበር እንዴት ይገኛል?

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችው አዳሚ ቱሉ ትንሽ ከተማ ናት። የምርጫ ወሬ ሲነሣ ግን እንደ ትልልቆቹ ከተሞች ሁሉ ክርክሩ ይደራል። አንዱ «ይህ ፓርቲ ደጋፊው ብዙ ነውና ያሸንፋል» ሲል፥ ሌላው «አያሸንፍም» ይላል። አንባቢዎች ሆይ፥ እናንተም በእንዲህ ያለ ክርክር ሳትካፈሉ አልቀራችሁም። ነገር ግን የደጋፊ ብዛትና የወንበር ብዛት አንድ አይደሉም።

በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘመን ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግሉ ነበር፤ ፓርቲ ስላልነበረ «አብላጫው የማን ነው?» የሚል ጥያቄም አልነበረም። ጥያቄው የመጣው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሥርዓት እስከ 2013 ዓ.ም. በተደረጉት ምርጫዎች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች ነበሩት፤ ከግማሽ በላይ ለመያዝ 274 ያስፈልግ ነበር።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት ሰዎች ተወዳድረው የመጀመሪያው 12,000፥ ሁለተኛው 10,000፥ ሦስተኛው 8,000 ድምፅ አገኙ እንበል። ወንበሩ የመጀመሪያው ነው። ያልመረጡት 18,000 ሰዎች ድምፅ ግን ወንበር አያስገኝም። በእንግሊዝ አገርም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የሠራተኛው ፓርቲ ከመቶ 34 ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ወስዷል።

ስለዚህ ድምፁ የት እንዳለ ማወቅ ያሻል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ። ሆኖም 23 ወንበር ከ274 አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ምርጫ ቦርድ ባወጣው ውጤት ኢሕአዴግ 327፥ ቅንጅት 109፥ ኅብረት 52 ወንበሮች አገኙ፤ ውጤቱ ያስነሣው ጠብም የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ። በዚያ ምርጫ የኦሮሚያ ወንበሮች 178፥ የአማራ 138፥ በድምሩ 316 ነበሩ። በሁለቱ ክልሎች አንድም ወንበር ያላገኘ ፓርቲ የቀረውን ሁሉ ቢጠቀልል እንኳ 231 ብቻ ይኖረዋል።

ለብቻው 274 የማይሞላ ፓርቲ ከሌላው ጋር መጣመር ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱም ይፈቅዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ተቃዋሚዎች በአንድ የምርጫ ክልል እርስ በርስ ከተፎካከሩ ድምፁን ተካፍለው ለሦስተኛው ያስረክቡታል።

በሌላው በኩል ወንበር መጠቅለልም የሕዝብን ልብ መጠቅለል አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ያዙ። ወራት ሳይቆጠሩ፥ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር፥ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ2010 ዓ.ም. የካቲትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። በምክር ቤት ያልተጠየቀ ጥያቄ በጐዳና ተጠየቀ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ብልጽግና ውጤታቸው በቅድሚያ ከተነገረው 436 ወንበሮች 410ሩን አገኘ።

ስለዚህ ወደ ፊት «ይህ ፓርቲ ያሸንፋል» የሚል ሰው ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁት። በስንት የምርጫ ክልሎች ተወዳዳሪ አቀረበ? ድጋፉ የተከማቸው በየትኛው አገር ነው? ከማን ጋር ተስማምቷል? መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ግን አራተኛውን ለራሳችሁ አስቀሩት፦ ካሸነፈስ በምክር ቤቱ የሚጠይቀው ማን ይሆናል?