ሾተላይ የምንለው ሁሉ ሾተላይ ነውን? ስለ ተደጋጋሚ የፅንስ መጨንገፍ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር



ፅንስ በተደጋጋሚ የጨነገፈባት ሴት ወደ ምርመራ ክፍሌ የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነው። ፍርዱ ግን ቀድሟት ተሰጥቷል፤ «ሾተላይ አለባት» ተብላለች። ዛሬ የምናገረው ይህ ቃል ስለሚሸፍናቸው ልዩ ልዩ ምክንያቶች ነው።

በሕክምና ሾተላይ የሚባለው የአርኤች ደም አለመጣጣም ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያጠቃ መከላከያ ያመነጫል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል፤ ጉዳቱ የሚበረታው በተከታዮቹ ላይ፣ ያውም ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ነው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የአንቲ ዲ መርፌ ይከላከለዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ለሚደጋገም መጨንገፍ ሾተላይ በቂ መልስ አይደለም።

እንግዲህ ቀዳሚው ጥያቄ «በስንተኛው ወር?» የሚል ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዋነኛው ምክንያት የፅንሱ ክሮሞዞም ቁጥር መዛባት ነው፤ የእናት ዕድሜ ከ35 ሲያልፍ ይጨምራል። አንዳንዴም ጤነኛ የሆነ አባት ወይም እናት ቦታው የተለዋወጠ ክሮሞዞም ይሸከማል። ሌላው አንቲፎስፎሊፒድ የተባለው ሕመም ነው፤ የእንግዴ ልጅን ሥራ ያውካል፣ በአስፕሪንና በሄፓሪን ግን ይታከማል። የታይሮይድ መታወክና ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታም አሉ። ከአራተኛው ወር ወዲህ ደግሞ ያለ ምጥ የሚከፈት የማኅፀን አፍና የማኅፀን ቅርፅ ይመረመራሉ። ቂጥኝና ወባም ፅንስን ይጎዳሉ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ተገቢው ምርመራ ሁሉ ተደርጎም በግማሽ ያህሉ ጥንዶች ምክንያቱ አይገኝም። ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በኋላ ልጅ ይወልዳሉ። ያማራትን አለመብላቷ ወይም የሰው ዓይን ግን ምክንያት አይደለም።

ሁለት ጊዜ ከጨነገፈ ሦስተኛውን ሳትጠብቁ ተመርመሩ። ባሎችም አብራችሁ ኑ፤ የፅንሱ ግማሽ የእናንተ ነውና።

የከተማችን ሆስፒታል የተሰየመላት የሐዲያዋ ንግሥት እሌኒ ልጅ አልነበራትም፤ ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና ግን አገር አስተዳድራለች። ሴትን በማኅፀኗ ብቻ የምንመዝን ከሆነ የተሰየመው ስም ራሱ ይወቅሰናል።