የስፖርት አውቶሞቢል በኋላ ጎማ ይነዳ ወይስ በአራቱም?

የስፖርት አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ሆነ ስለ ሞተር መከራከር የሚወድ ተማሪ ከአንድ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ይኸውም የሞተሩ ኃይል ለኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሰጥበት መኪና ይሻላል ወይስ ለአራቱም የሚከፋፈልበት? የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚሰጠው በስሜት ነው። የአንዱ ወገን ሰዎች እውነተኛ የስፖርት መኪና ከኋላ የሚገፋ ብቻ ነው ይላሉ፤ የሌላው ወገን ደግሞ አራት ከሁለት ይበልጣልና ነገሩ አያከራክርም ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ሁለቱም አባባሎች በሒሳብ ሲመረመሩ የማይጸኑ መሆናቸውን፥ ምርጫውም መንገዱ በሚይዘውና ሞተሩ በሚሰጠው ጉልበት መካከል ባለው ዝምድና የሚወሰን መሆኑን ነው። በአራት ጎማ መነዳት ምን እንደማይሰጥ አለማወቅ ሰውን ገደል ሊከት ስለሚችል ጉዳዩ የጨዋታ ክርክር ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን መኪናውን ወደ ፊት የሚያስኬደው ጎማው መሬቱን ይዞ መግፋቱ ነው። ጎማው የሚይዝበት ኃይል የሚለካው በላዩ ባረፈው ክብደትና በመንገዱ ጠባይ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና ጎማ በላዩ ካረፈው ክብደት ጋር የሚተካከል ግፊት ሊሰጥ ይችላል፤ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን፥ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጎማው ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ለሒሳባችን ግን ይበቃሉ።

ለማስረዳት ያህል 1400 ኪሎ ግራም የሚመዝን፥ ከክብደቱም እኩሌታው በኋላ ጎማዎች ላይ ያረፈ አንድ መኪና እናስብ። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር፥ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መኪና ሲፈተለክ አፍንጫው ብድግ፥ ኋላው ዝቅ እንደሚል ሁላችንም አይተናል። ይህ የሚሆነው ከክብደቱ ከፊሉ ከፊት ጎማዎች ወደ ኋላዎቹ ስለሚሻገር ነው። (በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ለብርቱ ሞተር የማይመችበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት ክብደቱ ይከዳዋል።) ይህን ሁሉ አስገብተን ስናሰላ፥ መኪናችን በኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ በደረቅ አስፋልት ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ የመፍጠን መጠን የመሬት ስበት 62.5 በመቶ ነው፤ በአራቱም ሲነዳ ግን እስከ 100 በመቶ ይደርሳል። በርጥብ መንገድ 34 በመቶ ከ60 በመቶ ጋር፥ በበረዶ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ከ20 በመቶ ጋር ይነጻጸራል። የአራቱ ጎማ ቁጥሮች እያንዳንዱ ጎማ የሚችለውን ሁሉ ሰጠ ብለን ያሰላናቸው ስለ ሆኑ በተግባር ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ቢሆንም በበረዶ ላይ ብልጫው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ታዲያ ክርክሩ አለቀ ይል ይሆናል። አላለቀም። ያሰላነው ጎማው ሊሸከም የሚችለውን እንጂ ሞተሩ ሊሰጥ የሚችለውን አይደለም። የሞተር ጉልበት የተወሰነ ስለ ሆነ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል። መኪናችን 150 ኪሎ ዋት፥ ማለት 200 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ቢሆን፥ በደረቅ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዎቹን አሸንፎ በከንቱ ሊያሽከረክራቸው የሚችለው በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ጎማዎች ሞተሩ የሚሰጠውን ሁሉ ያለ ችግር ስለሚሸከሙ፥ በቀጥታ መንገድ ላይ የአራቱ ጥቅም ባዶ ነው፤ እንዲያውም ተጨማሪው ክብደት ዕዳ ይሆናል። በርጥብ መንገድ ይህ ወሰን ወደ 115 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። በበረዶ ላይ ስናሰላው 377 ይወጣል፤ ይህም መኪናው በዚያ መንገድ ላይ ሙሉ ጉልበቱን ከቶ ሊጠቀምበት አይችልም ማለት ነው። የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ቢሆን የደረቁ መንገድ ወሰን ራሱ 126 ይሆናል።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ አንድ ነገር መጨመር ይኖርበታል። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከ5 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ 63 ያልነው ወሰን እዚህ ወደ 50 ይወርዳል። አውሮፓ ላይ የኋላ ጎማዎቹን የሚያስጮህ መኪና እዚህ ጨዋ ሆኖ ቢገኝ ሻጩ አታለለኝ አይባልም።

በመታጠፊያ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጎማ የሚይዝበት ኃይል እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ለአንዱ የወጣው ለሌላው አይተርፍም። ልዩነቱ ሒሳቡ ተራ ቅነሳ አለመሆኑ ነው። ለመግፋትና ለመታጠፍ የሚውሉት ኃይሎች እርስ በርሳቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ የሚደመሩት በፒታጎራስ ሕግ ነው። አንድ የኋላ ጎማ ከኃይሉ 60 በመቶውን ለመግፋት ካዋለ ለመታጠፍ 80 በመቶ ይቀረዋል፤ 80 ካዋለ ደግሞ 60 ብቻ። ያንኑ ግፊት ለአራት ብናካፍለውና እያንዳንዱ ጎማ 30 በመቶ ቢያወጣ ግን 95 በመቶው ለመታጠፍ ይተርፋል። በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ከመታጠፊያ ሲወጣ ቤንዚን ቶሎ ሊሰጠው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠባያቸውም ልዩነት ከዚሁ ይመነጫል። በኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና የፊት ጎማዎች መሪውን ከመታዘዝ በቀር ሌላ ሥራ የለባቸውም፤ ስለዚህ መሪው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ነጂውም መኪናውን በመሪ ብቻ ሳይሆን በቀኝ እግሩም ጭምር ሊያጥፈው ይችላል። የዚህ ዓይነት መኪና ወዳጆች የሚያወድሱት ይህ ጠባይ የሐሳብ ፈጠራ አይደለም። ከልክ ሲያልፍ ግን ጅራቱ ያመልጣል፤ ያመለጠ ጅራት ለመመለስ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። በአራቱም የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፈሪ ሰው በደመ ነፍስ እንደሚያደርገው እግርን ከቤንዚን ማንሣት ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

የሚቀጥለውን ነገር አንባቢው ከሁሉ አብልጦ እንዲያስተውለው እንወዳለን። በአራት ጎማ መነዳት የሚያግዘው ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይደለም። ፍሬን በሁለቱም ዓይነት መኪናዎች ላይ አራቱንም ጎማዎች ይይዛል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ በ25 ሜትር ያህል ይቆማል፤ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግን 126 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይህ ርቀት በየትኛው ጎማ ቢነዳ አይለወጥም። ቤንዚን ሳይሰጥ መታጠፊያ ውስጥ የሚገባም መኪና ሁለት ነዳ አራት ነዳ አንድ ነው። እንዲያውም በኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ሲነሣ ተንሸራትቶ መንገዱ ክፉ መሆኑን አስቀድሞ ለነጂው ይነግረዋል፤ በአራቱም የሚነዳው ግን ያለ አንዳች ምልክት ፈጥኖ ሄዶ፥ እውነቱን የሚነግረው ፍሬን ሲያዝ ነው። በ1966 የወጣው የእንግሊዙ ጄንሰን ኤፍ ኤፍ ለሽያጭ ከተሠሩት የጥርጊያ መንገድ መኪናዎች በአራቱም ጎማ በመነዳት ቀዳሚው ሲሆን፥ ሠሪዎቹ ከአውሮፕላን የተወሰደ፥ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከል ፍሬን አብረው ገጠሙለት። ነገሩን ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ክብደትም አለ። በአራቱም ለመንዳት ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ፥ የፊት ዲፈረንሻልና ኃይሉን የሚያካፍል የመካከል ዲፈረንሻል ወይም ፍሪሲዮን ያስፈልጋል። በ1989 ፖርሼ 911 ካሬራ 4ን ሲያወጣ ከኋላ ጎማ ነጂው ካሬራ 2 በ100 ኪሎ ግራም ይከብድ ነበር፤ ኃይሉንም 31 በመቶ ለፊት፥ 69 በመቶ ለኋላ ያካፍል ነበር። በአገራችን ገጠር የምናውቀው አሮጌው ላንድ ክሩዘር ፊትና ኋላውን ያለ መካከል ዲፈረንሻል አጥብቆ ስለሚያስር በጭቃ እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ሊነዳ አይገባውም፤ በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ስለሚሄዱ ማርሹ ይጨነቃል። የስፖርት መኪና ይህን ሊታገሥ አይችልም።

ሒሳቡን በመንገድ ላይ ለመፈተን ከ1983 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና የተሻለ ምስክር አናገኝም። በአንድ ወገን ከ1981 ጀምሮ የሚወዳደረው በአራት ጎማ የሚነዳው አውዲ ኳትሮ ነበር፤ በሌላው ወገን በኋላ ጎማ የሚነዳው፥ ሞተሩ ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ፥ ክብደቱ ከ1000 ኪሎ ግራም በታች የሆነው ላንቺያ 037። አውዲው በጉልበት ይበልጣል፤ በክብደትም እንዲሁ። በዚያ ዓመት የሆነውን በመንገዱ ዓይነት ለይተን ብንመለከተው እጅግ ያስተምራል። በስዊድን በረዶ ላይ ሀኑ ሚኮላ በአውዲ አሸነፈ፤ ላንቺያ ወደዚያ መሄዱንም አልደከመበትም። አስፋልት በበዛበት በሞንቴ ካርሎ ዋልተር ሮርልና ማርኩ አለን ለላንቺያ 1ኛና 2ኛ ወጡ። ሙሉ በሙሉ አስፋልት በሆነችው በኮርሲካ ላንቺያ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን ቦታ ጠቅልሎ ወሰደ። በፊንላንድ የጠጠር መንገድ ደግሞ ሚኮላ እንደ ገና አሸነፈ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር እንደ ሒሳቡ ነው። ከሒሳቡ የሚያፈነግጡት ግሪክና ኒው ዚላንድ ናቸው። መንገዳቸው ፒስታ ስለ ሆነ አውዲ ሊያሸንፍ ሲገባው ሮርል ሁለቱንም በላንቺያ ወሰዳቸው። ምክንያቱ ተአምር አይደለም፤ ከአውዲ ዋና ነጂዎች አንዳንዶቹ እስከ ፍጻሜው አልደረሱም። ብዙ ማርሽ ብዙ የሚሰበር ነገር ነው፤ ሳይሰበር የደረሰ ቀላል መኪና ደግሞ ፈጥኖ ከቆመው ይቀድማል። በመጨረሻ ላንቺያ በ118 ነጥብ የሠሪዎችን ዋንጫ ሲወስድ አውዲ በ116 ቀረ፤ የነጂዎቹን ማዕረግ ግን ሚኮላ ወሰደ። ከዚያ ዓመት በኋላ ያን የሠሪዎች ዋንጫ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና አግኝቶት አያውቅም። ላንቺያ ራሱ በ1985 በአራት ጎማ የሚነዳውን ዴልታ ኤስ 4 ይዞ ቀረበ። ማርሹ እየጠነከረ፥ የሞተሩም ጉልበት እየበዛ ሲሄድ ለተንሸራታች መንገድ ሁለት ጎማ አልበቃም።

በክብ የአስፋልት ሜዳ ላይ ግን ታሪኩ ተቃራኒ ነው። በትራክተሮቹ ስሙ የታወቀው ሃሪ ፈርጉሰን ያስጀመረው በአራት ጎማ የሚነዳ የፎርሙላ 1 መኪና በ1961 በኦልተን ፓርክ፥ መንገዱ ርጥብ በነበረበት ቀን፥ በስተርሊንግ ሞስ መሪነት አሸነፈ። ይህን ያስታወሱት ሎተስ፥ ማትራና ማክላረን በ1969 የዚያ ዓይነት መኪና ሠሩ፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በሻምፒዮናው የተገኘው ፍሬ ማትራ በካናዳ 6ኛ ወጥቶ ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ሆነ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎማው ሰፍቶ፥ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫን ክንፍም ተገጥሞ ነበር። ሁለት ጎማ የሚይዘው ኃይል ሲያድግ ከላይ ያሰላነው ወሰን ይወርዳል፤ ወሰኑ ሲወርድ የአራቱ ጎማ ክብደት ካሣ ያጣል።

መካከለኛ መንገድም አለ። የ1989ኙ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አር በተለመደው ጊዜ በኋላ ጎማ እየተነዳ፥ የኋላው መንሸራተት ሲጀምር ብቻ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ፍሪሲዮን ለፊት ጎማዎች ያካፍልለታል። በ2017 የወጣው ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 5 ደግሞ ነጂው ሲፈልግ ወደ ኋላ ጎማ ብቻ እንዲለውጠው ያደርጋል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከፊትም ከኋላም አንዳንድ ሞተር ማስቀመጥ ስለሚቻል ረጅሙ ዘንግ ጭራሽ ይቀራል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፥ ጉልበቱ ከ200 ፈረስ ብዙ የማይርቅ፥ ቀላል፥ በአስፋልት ላይ የሚውል የስፖርት መኪና በኋላ ጎማ ቢነዳ ይሻላል፤ ለአራት ጎማ ማርሽ የሚወጣውም ገንዘብ ለደኅና ጎማ ቢውል የበለጠ ይጠቅማል፤ ጥሩ ጎማ ለመሄድም፥ ለመታጠፍም፥ ለመቆምም ያገለግላልና። ጉልበቱ 400 ከደረሰ፥ ወይም መንገዱ የበረዶና የፒስታ ከሆነ አራቱን እንመርጣለን። አራቱን የመረጠ ሰው ግን ሲገዛም ሆነ ሲይዝ አንድ ነገር ይመርምር፤ አራቱም ጎማዎች በዓይነትና በመበላት እኩል ይሁኑ። ሁለቱ አዲስ፥ ሁለቱ ያለቁ ከሆኑ ዙሪያቸው ስለሚለያይ የመካከሉ ዲፈረንሻል ወይም ፍሪሲዮን በቀጥታ መንገድ ላይ ስንኳ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል፤ የጥገናውም ዋጋ ከአራት አዲስ ጎማ ዋጋ ይበልጣል።