በጓሯችን ስንት ወፍ አለ?

በጥሊሊና በአካባቢዋ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ሲለቀለቅ ወፉም ይበዛል። ጧት ውርጩ ሳይለቅ ከጌሾው ላይ፣ ከአጥሩ ላይ፣ ከከብቶቹ እግር ሥር ወፍ አይጠፋም። ሁላችንም እናየዋለን። ዳሩ ግን አንድ ሰው መጥቶ «ስንት ነው?» ቢለን መልስ የለንም። «ብዙ ነው» እንላለን። «ካምናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ቢደግምልን «እንጃ» ከማለት አናልፍም። ከብቱን፣ ቀፎውን፣ የእህሉን ቁና ቆጥረን እናውቃለን። ወፉን ግን ቆጥረን አናውቅም።

«ወፍ መቁጠር ደግሞ ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። መጠየቁ ደግ ነው። እኛም መልሱን ከሩቅ አገር፣ ከሕንድ እንጀምራለን።

ሕንድ አገር ከብት ሲሞት ሬሳውን ከመንደር ውጪ ይጥሉታል። ጥንብ አንሳዎች ከሰማይ ይወርዱና በጥቂት ሰዓት አጥንቱን ብቻ ያስቀሩታል። ማንም ይህን እንደ ጉዳይ አይቆጥረውም ነበር። ነገር ግን በአንድ ፓርክ ውስጥ የጥንብ አንሳን ጎጆ ቆጥረው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ይህ የሆነው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ እዚያው ፓርክ ተመልሰው ቢቆጥሩ ጎጆው እጅግ አንሶ አገኙት። ደነገጡ። በሌላውም ቦታ በየመንገዱ እየሄዱ ቆጠሩ። ነገሩ በአገሩ ሁሉ ያው ሆነ። እየቆየም ባሰ እንጂ አልተሻለም። በብዛቱ የታወቀው አንዱ ዓይነት በ15 ዓመት ውስጥ ከ1,000ው የቀረው አንድ ያህል ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ሲፈለግ ቆይቶ በ1996 ዓ.ም. ተገኘ። ዲክሎፌናክ የሚባል ለከብት የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ነው። ከብቱ መድኃኒቱን ወስዶ ሲሞት፣ ሥጋውን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። የሕንድ መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ይህ መድኃኒት ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለ። እስከዚያ ድረስ ግን ሬሳውን የሚበላ ወፍ ስለ ጠፋ ባለቤት የሌለው ውሻ ተራባ። ውሻው ሲበዛ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሰጋቸው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቆጥረው ባይጽፉ ኖሮ «ድሮ ጥንብ አንሳ ይበዛ ነበር መሰለኝ» ብሎ ከመተው በቀር ማን ያውቅ ነበር?

በእኛም አህጉር በአፍሪካ ጥንብ አንሳ በጣም እየቀነሰ ነው። ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚነሰነስ መርዝ ዋናው ጠላቱ ነው። መርዙን ያስቀመጠው ሰው ጥንብ አንሳን አላሰበም፤ የሚሞተው ግን እሱ ነው።

ወፍን በኅብረት መቁጠር ከተጀመረ ከመቶ ዓመት አልፏል። በአሜሪካ አገር ሰዎች በገና በዓል ቡድን ለይተው ጠመንጃ እየያዙ ይወጡ ነበር። ብዙ ወፍና ብዙ አውሬ የገደለው ቡድን አሸነፈ ይባላል። በ1893 ዓ.ም. ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ «ዘንድሮ አንግደል፣ እንቁጠር» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ገና 27 ሰዎች ወጥተው ቆጠሩ። ዛሬ በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይወጣሉ። ከነዚህ የሚበልጡት የወፍ ሊቃውንት አይደሉም። አስተማሪ፣ ገበሬ፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ ናቸው።

የውኃ ወፎችን ደግሞ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ አገሮች በጥር ወር ይቆጥሯቸዋል። በአፍሪካ ይህ ቆጠራ በ1983 ዓ.ም. ተጀመረ። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ተሳትፏል። ለምን በጥር ቢሉ፣ በዚያ ጊዜ በአውሮፓና በራሺያ ብርዱ የጸና ነው። ሐይቁ በረዶ ይሆናል፣ ትሉና ዝንቡ ይጠፋል፣ ቀኑም ያጥራል። ስለዚህ ወፉ ወደ እኛ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ውኃ ባለበት ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ ለመቁጠር ይመቻል።

ለዚህ ጣና ጥሩ ምሳሌ ነው። በበጋ በጣና ዙሪያ ግራጫ መልክ ያላት፣ እስከ ሰው ደረት የምትደርስ፣ አንገተ ረጅም ወፍ በብዙ ሺህ ትታያለች። ክሬን ትባላለች። ቀን ከታጨደው ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ትለቅማለች። ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆማ ታድራለች፤ አውሬ ሊይዛት ቢመጣ ውኃው ይንቦጫረቅና ትነቃለች። ቆጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ማደሪያዋ አጠገብ አድፍጠው፣ ምሽት ስትገባ ወይም ጧት ስትወጣ ይቆጥሯታል። ፊንላንድና ኤስቶኒያ ከሚባሉ የሰሜን አገሮች፣ ከራሺያም ጭምር እንደምትመጣ ታውቋል።

ድሮ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የአውሮፓ ሰዎች ወፉ ሲጠፋባቸው «በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል» ይሉ ነበር። በ1814 ዓ.ም. በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተገደለች። ቢያዩዋት አንገቷን ክንድ ተኩል የሚያህል ጦር ወግቷት፣ ጦሩን እንደ ተሸከመች ነው የመጣችው። የጦሩ እንጨት የአፍሪካ እንጨት ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ከነጦሯ በረረች ማለት ነው። ሽመላዋ ደርቃ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች።

ስለ መስቀል ወፍም ጥቂት እንበል። ከዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። በየአገሩ በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን በክረምትና በመስከረም ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ሆነው የሚያምሩ ወፎች አሉ። እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። ሴቷን ለመሳብ ያጌጣሉ። ጫጩት የማሳደጊያው ጊዜ ሲያልፍ ያ ላባ ይረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናሉ። እንግዲህ የሄዱ ይመስለናል እንጂ አልሄዱም። ልብሳቸውን ለውጠው እዚያው አውድማችን ላይ እህል እየለቀሙ ነው! ለዚህ ነው ወፍ ቆጣሪ ቀለም ብቻ አይቶ የማይፈርደው።

በእውነት ሩቅ አገር ሄዶ የሚመለስ ደግሞ አለ። በበጋ ከብት ሲሰማራ በእግሩ መካከል እየሮጠች ዝንብ የምትለቅም፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ላይና ታች የምትነቀንቅ ትንሽ ወፍ አታውቁም? ክብደቷ ከአንድ እፍኝ ጤፍ አይበልጥም። ነገር ግን ከአውሮፓ ወይም ከእስያ በርራ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ የመጣች ናት። በሚያዝያ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ለመቁጠር የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ሩብ ሰዓት ነው። ጧት ፀሐይ ሞቅ ስትል በደጃፋችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁ ከጓሮው አይንቀሳቀስ። አንድ ቁራ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ሦስት ቁራ ብላችሁ እንዳትጽፉ። በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ስንት ናቸው? ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፉ። መንጋ ቢወርድና ቁጥሩ ቢያስቸግር፣ አሥሩን ለይታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ «እንዲህ ያለ አሥር አሥር ስንት ይወጣዋል?» ብላችሁ አስቡ። ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

ጥር 5 ቀን። ጧት ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከሩብ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ቁራ 3፣ ዋኔ 7፣ ጅራቷን የምትነቀንቅ 4፣ ጥንብ አንሳ 0።

ዜሮውን አትርሱ። «ጥንብ አንሳ አላየንም» ብሎ መጻፍና ምንም አለመጻፍ አንድ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ድገሙት። ሰዓቱን ከለወጣችሁ ቁጥሩ ከቁጥር አይገጥምም፤ ጧት የሚወጣው ወፍ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋልና። ይህን ሥራ ለአባወራው ብቻ አንተወው። ደጅ ላይ እህል የምታሰጣ፣ ቡና የምትቆላ እናት ጓሮውን ከሁላችን በላይ ታያለች። ወፍ ጠባቂ ልጆችም ዓይናቸው የሰላ ነው።

ስሙን የማታውቁትን ወፍ መልኩን ጻፉ። በአዊኛ የምትጠሩበት ስም ካለ በዚያው በአዊኛው ጻፉት። እኛ ተራ ነው የምንለው ለሌላው አገር ሰው ብርቅ ሊሆን ይችላል። መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቁ ቁራችን ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የለም። ጧት በመንጋ እየጮኸች የምታልፈው፣ ቀጭን ረጅም መንቁሯን ወደ ታች የቀለሰችው፣ በማሳችን ትል እየቆፈረች የምትበላው ወፍም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የላትም። ይህችን ወፍ ለማየት ሰዎች ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። እኛ ደግሞ በጩኸቷ ተነሥተን እርሻ እንወጣለን።

በአዊ ብዙ ማሳ ዲከረንስ እየተተከለበት ነው። ዛፉ ቶሎ ይደርሳል፣ ከሰሉም ገበያ አለው፤ ይህን ለምን አደረጋችሁ የሚል ቃል የለንም። ነገር ግን ፍሬ የሚበላ ወፍ እንደ ዋንዛ ያለ ፍሬ ያለው ዛፍ ይፈልጋል። የዲከረንስ ፍሬ ደረቅ ቆባ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ቢስማሙ፣ አንዱ ከዲከረንሱ ዳር፣ ሌላው ዋንዛ፣ ብሳናና ኮሶ ካለበት ዳር ተቀምጠው በአንድ ሰዓት ቢቆጥሩ መልካም ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነገሩ ይታያል። ተማሪዎችም ከአስተማሪያቸው ጋር ወደ ዘንገና ሐይቅ ሄደው ቢቆጥሩ፣ ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። የአውሮፓ ጃንዋሪ የሚያልቀው በእኛ ጥር 23 ቀን ነው። ስለዚህ የጥር ቆጠራ ከፈረሰኞቹ በዓል በፊት ቢያልቅ ይሻላል። በዚያ ቀን ልብ ሁሉ ከፈረሱ ጋር ነው፣ ወፍ የሚያይ የለም።

ወረቀቱን በቤት አኑሩት። ትምህርት ቤቱም ቅጂ ቢይዝ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ልጅ ካለ ደግሞ ቁጥሩን ኢበርድ ወደሚባለው የዓለም የወፍ መዝገብ ሊያስገባው ይችላል። በየካቲት የመጀመሪያ አጋማሽ በዓለም ሁሉ ለአራት ቀን የሚደረግ የጓሮ ወፍ ቆጠራ አለ። ለዚያም የሚጠየቀው ያው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነው፣ የሚከፈል ነገር የለም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በእግሯ ላይ የብረት ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ብታገኙ ቀለበቱን ለልጅ መጫወቻ አትስጡ። ወፍ ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ በእግሯ ቀለበት ማሰር በዴንማርክ አገር በ1891 ዓ.ም. ተጀምሯል። በቀለበቱ ላይ ፊደልና ቁጥር አለ። ፊደሉ የፈረንጅ ስለ ሆነ ማንበብ ቢያቅታችሁ ቅርጹን እንዳለ በወረቀት ሳሉት። ያገኛችሁበትን ቀንና ቀበሌ ጨምሩና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ። በሕይወት ያለች ከሆነች ግን ለቀለበቱ ብላችሁ አትያዟት፤ መንገዷ ሩቅ ነው።