የሚኒባሱን የኋላ በር የያዘው ምንድን ነው?



በረመዳን የኢፍጣር ምግብ ጭኖ ግቢ የሚገባ ሚኒባስ ስታዩ የኋላ በሩን ልብ በሉት። በሩ ወደ ላይ ይከፈታል፤ አንዱ ወንድም በእንጨት ይደግፈዋል፣ ሌላው የሾርባ ድስት ለማውረድ ከሥሩ ይገባል። በዚህ እትም የምናነሳው ያ እንጨት ለምን እንዳስፈለገ ነው። ትኩስ ድስት በያዘ ሰው ራስ ላይ 25 ኪሎ ብረት ቢወርድ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም።

በሩን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ቱቦዎች ብዙ ሰው «ሾክ» ይላቸዋል። የጎማው ሾክ ዋና ሥራ ግን ንዝረት ማብረድ ነው፤ እነዚህ ክብደት ይሸከማሉ። ስማቸው ጋዝ ስፕሪንግ ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ በብረት ፋንታ በጋዝ የሚሠራ ሞላ ልንለው እንችላለን።

ቱቦው ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅንና ጥቂት ዘይት አለ። ግፊቱ 100 ባር ሊደርስ ይችላል፤ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ3 ባር ነው። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ፒስቶን ትንሽ ቀዳዳ ስላለው ጋዙ በሁለቱም በኩል እኩል ግፊት አለው። ታዲያ ዘንጉን ወደ ውጭ ምን ገፋው? የስፋት ልዩነት ነው። በአንድ በኩል ጋዙ የፒስቶኑን ሙሉ ፊት ይገፋል፤ በሌላው በኩል መሃሉን ዘንጉ ይዞበታል። ስለዚህ የሚተርፈው ኃይል ግፊቱ በዘንጉ ስፋት ተባዝቶ ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ስፋቱ 50 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በ100 ባር 500 ኒውተን ይሰጣል፤ 50 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ቀዳዳዋ ደግሞ በሩ ሳይወረወር ቀስ ብሎ እንዲነሳ ታደርጋለች።

አሁን በምሳሌ እናስላው። የበሩ ክብደት 25 ኪሎ፣ የክብደቱ መሃል ከማጠፊያው 50 ሳንቲሜትር ይራቅ እንበል። በሩ አግድም ሲሆን ወደ ታች የሚያዞረው 125 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ከማጠፊያው በ15 ሳንቲሜትር ክንድ ቢገፉ 150 ይሰጣሉ። በሩ ይቆማል፤ ትርፉ ግን 25 ብቻ ነው። ጎሚኒው እያረጀ ጋዙ በጥቂቱ ሲያመልጥና ኃይሉ 12 በመቶ ሲቀንስ 132 ይቀራል፤ በሩ አሁንም ይቆማል። ቀን 28 ዲግሪ የነበረው አየር ለሱሑር 8 ዲግሪ ሲሆን ግን የጋዙ ግፊት 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ 123 ይሆንና በሩ ይወድቃል። «ከሰዓት በኋላ ደህና ነበር» የሚለው ሹፌር እየዋሸ አይደለም።

አልከፈት የሚል በር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቱቦው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በሩ ሲዘጋ ቱቦው የሚገፋበት መስመር ወደ ማጠፊያው ስለሚጠጋ ክንዱ ያጥራል፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ማገዙ ጤነኛ ነገር ነው። ከዚያ ካለፈ፣ አንድ ሰው በሩን መቆለፊያው አጠገብ ወደ ውስጥ እየገፋ ሌላው እጀታውን ይሳብ። ከተለቀቀ መቆለፊያው ላይ ጫና ነበረበት ማለት ነው፤ አንዱ ቱቦ ሞቶ ሌላው ሲገፋ በሩ ስለሚጣመም ይህ ያጋጥማል። በፀሐይና በአቧራ የተጣበቀ የበር ጎማም ይይዛል። እጀታው ሲሳብ ምንም የማይከብድ ከሆነ ገመዱን ፈትሹ። መንገድ ላይ ደርሶ የሚቆም በር ካለ ዘንጉ መጉበጡን እዩ። በፌሮ መፈልቀቅ ግን ክፈፉን ያጣምማል፤ መኪናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰው አማና ነው።

የትኛው ቱቦ እንደሞተ ለማወቅ በሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፤ ሁለት ሰው አጥብቆ ይያዘው። የጫፉን ክሊፕ በቀጭን ካቻቢቴ አንስታችሁ ቱቦውን አውጡና ዘንጉን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። ባለ 500 ኒውተኑ ጤነኛ ከሆነ ሰውነታችሁን አስደግፋችሁ ነው የሚገባው። በአንድ እጅ ከገባ አልቋል። ዘንጉ ላይ ዘይት መታየቱም ምልክት ነው። ዘንጉን በፒንሳ አትያዙ፤ ትንሽ ጭረት ጎሚኒውን ትበላለች።

አዲስ ሲገዛ ቱቦው ላይ የተጻፈው የኒውተን ቁጥርና ርዝመቱ አንድ ይሁን፤ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ሲገጠም በሩ ተዘግቶ ሳለ ዘንጉ ወደ ታች ይሁን፤ ዘይቱ ጎሚኒውን የሚያርሰው ያኔ ነው። አሮጌው ቢደክምም ባዶ አይደለም፤ መብሳት፣ መበየድ ወይም እሳት ውስጥ መጣል ሰው ይገድላል። እስኪቀየር ድረስ ድስቱን በጎን በር አውርዱ።